የሚያቆየን ቃል ኪዳን ነው ወይስ ይሉኝታ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በምኖርበት የአሜሪካ ከተማ፣ ተኳርፈው የቆዩ ባልና ሚስትን ለማስታረቅ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ነበርኩ። ቡና ተፈልቶ፣ ጸሎት ተደርጎ፣ ነገሩ በወጉ ተከፈተ። ባልየው ብዙ ተናገረ፤ ሚስትየው ግን ጥቂት። በመጨረሻ ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት አባት፣ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ቻልሽው?» ብለው ጠየቋት። እርሷም አንገቷን እንደ ደፋች፣ «ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነዋ፣ አባባ» አለች። አባት ራሳቸውን በአድናቆት እየነቀነቁ፣ «ትዳር የሚከበረው እንዲህ ነው» አሉ። ሌሎቻችንም በዝምታ ተስማማን። ምርቃት ሆነ፤ ተነሣን።

ወደ ቤቴ ስመለስ ያ መልስ አብሮኝ መጣ። ሴትዮዋ የነገረችን ስለ ባሏ አልነበረም፤ ስለ ትዳሯም አልነበረም። የነገረችን ስለ ሰው አፍ ነበር። እኛ ደግሞ ያንን ጽናት ብለን አመሰገንነው። በዚያች ሌሊት ራሴን የጠየቅሁትን ጥያቄ ዛሬ ለአንባቢ ማቅረብ እፈልጋለሁ፦ አብሮ መቆየትና ለአንድ ሰው በእውነት መቁረጥ አንድ ነገር ናቸውን? የሥነ ልቦና ሳይንስ ላለፉት አርባ ዓመታት ያህል ይህንኑ ጥያቄ ሲመረምር ቆይቷል። የደረሰበት መልስ ለእኛ፣ በተለይም ከአገር ርቀን ትዳር ለምናቆም ሰዎች፣ በቀጥታ የሚመለከተን ይመስለኛል።

ሦስቱ ምሰሶዎች

እ.ኤ.አ. በ1980 ካረል ረስበልት የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ አንድ ንድፈ ሐሳብ አቀረቡ። የተነሡበት ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ ደስታ የሌላቸው ጥንዶች ለምን አብረው ይቆያሉ? ደስተኛ የሚመስሉትስ ለምን አንዳንዴ ይለያያሉ? ፍቅር ብቻ ሁሉን ነገር የሚወስን ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ባልተከሰቱ ነበር።

የረስበልት መልስ፣ አንድን ሰው በግንኙነቱ ውስጥ የሚያቆየው ቁርጠኝነት በሦስት ምሰሶዎች ላይ ይቆማል የሚል ነው። የመጀመሪያው እርካታ ነው፤ ማለትም ከግንኙነቱ የማገኘው ደስታ ከጠበቅሁት ጋር ይመጣጠናል ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛው አማራጭ ነው፤ ከዚህ ብወጣ የሚጠብቀኝ ሕይወት፣ ሌላ ሰው ይሁን ብቸኝነት፣ ከአሁኑ ይሻላል ወይስ ይከፋል? ሦስተኛው ደግሞ እስከ ዛሬ ያፈሰስሁት ነው፦ ዕድሜ፣ ገንዘብ፣ ልጆች፣ አብረን የገዛነው ቤት፣ የጋራ ወዳጆች፣ የጋራ ትዝታ። ንድፈ ሐሳቡ በዚህ ሦስተኛው ምሰሶ ምክንያት የኢንቨስትመንት ሞዴል የሚል ስም ወጣለት። ቤንጃሚን ሌ እና ክሪስቶፈር አግኒው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት 52 ምርምሮችን፣ ከ11,000 በላይ ተሳታፊዎችን የያዙ፣ በአንድ ላይ ሲመረምሩ፣ እነዚህ ሦስት ነገሮች በሰዎች መካከል ካለው የቁርጠኝነት ልዩነት ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋውን እንደሚያብራሩ አገኙ። በሥነ ልቦና ዓለም ይህ እጅግ ከፍ ያለ መጠን ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ከሦስቱ ምሰሶዎች ውስጥ ስለ ደስታ የሚናገረው አንዱ ብቻ ነው። ቤቱ በሁለቱ ላይ ብቻ ሊቆም ይችላል። እርካታው ከተሟጠጠ ብዙ ዓመት የሆነው ሰው፣ መሄጃ ስለሌለውና ያፈሰሰው ስላሳሳው ብቻ ሊቆይ ይችላል። ረስበልት ከጆን ማርትዝ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1995 ያሳተሙት ጥናት ይህንን በሚያሳዝን መልኩ አሳይቷል። ከባሎቻቸው ወይም ከፍቅረኞቻቸው ድብደባ ሸሽተው በመጠለያ ያረፉ ሴቶችን ሲያጠኑ፣ ወደ ደብዳቢው የመመለሱ ጉዳይ ከእነዚሁ ምሰሶዎች ጋር የተያያዘ ሆኖ አገኙት። መተዳደሪያ ያጡትና በግንኙነቱ ብዙ ያፈሰሱት ሴቶች የመመለስ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። «ለምን ትመለሳለች?» ለሚለው የጎረቤት ሐሜት የተሻለው መልስ ስለ ባሕርይዋ ማውራት ሳይሆን መሄጃዋን መጠየቅ መሆኑን ይህ ጥናት ያስተምራል።

በስደት ያለን ሰዎች ምሰሶዎቹ እንዴት እንደሚናጉ በዓይናችን አይተናል። አገር ቤት ሳለች በባሏ ደመወዝ ትተዳደር የነበረች ሴት፣ እዚህ መጥታ ነርስ ስትሆን የአማራጭ ምሰሶዋ በአንድ ጊዜ ይለወጣል። በሌላ በኩል የመኖሪያ ፈቃዷ በባሏ ስም ላይ የተንጠለጠለ፣ ቋንቋውን ያልለመደች፣ ዘመድ የሌላት ሴት አማራጭ የላትም ማለት ይቻላል። ወደ ዐረብ አገር ሄዳ በሰው ቤት እየሠራች ለዓመታት ገንዘብ የምትልክ ሚስት ደግሞ ሌላ ዓይነት ፈተና አለባት፦ የምታፈሰው በየወሩ ይጨምራል፤ ከግንኙነቱ የምታገኘው ግን በስልክ የሚሰማ ድምፅ ብቻ ነው። ብዙ ያፈሰሰ ሰው ብዙ ይታሰራል፤ ያ እስራት ግን ደስታ አይደለም።

ሁለት ዓይነት ማሰሪያ

በዴንቨር ዩኒቨርሲቲ የሚገኙት ስኮት ስታንሊ እና ሃዋርድ ማርክማን እ.ኤ.አ. በ1992 ይህንን ነገር ይበልጥ ግልጽ አደረጉት። ቁርጠኝነት ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ነገር ሁለት ነው አሉ። አንደኛው ከውስጥ የሚመነጭ ነው፤ ከዚህ ሰው ጋር መኖር እፈልጋለሁ፣ ለእርሱ ደኅንነት መሥዋዕት መክፈል አይከብደኝም፣ የነገ ሕይወቴን ሳስብ እርሱን አብሬ አስበዋለሁ የሚል ነው። ሁለተኛው ከውጭ የሚጫን ነው፤ ብወጣ ብዙ አጣለሁ፣ ልጆቼ ይበተናሉ፣ ቤቱ ይሸጣል፣ ሰው ያወራብኛል የሚል ነው። የመጀመሪያው ወደ ፊት ይስባል፤ ሁለተኛው መውጫ በሩን ይዘጋል።

አማርኛችን ለሁለቱም ስም አላጣም። የመጀመሪያው ቃል ኪዳን ነው፤ ሁለተኛውን ደግሞ በአብዛኛው ይሉኝታ እንለዋለን። ይሉኝታ የሚለው ቃል ራሱ ምስጢሩን ይነግረናል፤ «ምን ይሉኛል» ከሚለው ስጋት የተወለደ ነውና። ተናጋሪዎቹ እነርሱ ናቸው፤ እኔ ሰሚ ብቻ ነኝ። ቁርጠኝነት ግን «ቆረጠ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው፤ የሚቆርጠው ራሱ ሰውየው ነው። ከብዙ መንገዶች አንዱን መርጦ ሌሎቹን በገዛ እጁ ይተዋል። አባቶቻችን በዚያ ሽምግልና ላይ ያመሰገኑት ይሉኝታን ነበር፤ ስሙን ግን ቃል ኪዳን ብለው ጠሩት።

ስታንሊ፣ ጋሌና ሮድስ እና ማርክማን እ.ኤ.አ. በ2006 ያቀረቡት ሌላ ሐሳብ ደግሞ ለወጣቶቻችን ይጠቅማል። ብዙ ጥንዶች አብሮ ወደ መኖር የሚገቡት ወስነው ሳይሆን ተንሸራተው ነው ይላሉ። የቤት ኪራይ ተወደደ፣ ሁለት ክፍል ከምንከራይ አንድ ይሻለናል ተባለ፣ ከዚያ የጋራ መኪና መጣ፣ ከዚያ ልጅ። ማሰሪያዎቹ አንድ በአንድ ሲጠብቁ «እኔ ይህንን ሰው መርጫለሁ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ግን አንድም ቀን አልተጠየቀም። ኪራይ ውድ በሆነባቸው የአሜሪካና የአውሮፓ ከተሞች የምንኖር ሰዎች ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንብንም። ሁለት ወጣቶች መሸሸጊያ ፍለጋ ተጠጋግተው፣ ከዓመታት በኋላ ባልና ሚስት ሆነው ራሳቸውን ያገኙታል። የቆረጠላቸው ኪራዩ ነው።

ጤናን የሚጠብቀው የትኛው ነው?

ጉዳዩ የስም ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አላስጨንቅበትም ነበር። ነገር ግን የአካል ጤናም አለበት። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ስም የሚታወቀው የአዋቂዎች ሕይወት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1938 ተጀምሮ እስከ ዛሬ ቀጥሏል። ሲጀመር 724 ወንዶችን ያካተተ ነበር፤ 268ቱ የሃርቫርድ ተማሪዎች፣ 456ቱ ደግሞ ከቦስተን ድሃ ሰፈሮች የተውጣጡ ልጆች ነበሩ። የጥናቱ አራተኛ ኃላፊ ሮበርት ዋልዲንገር ደጋግመው እንደሚናገሩት፣ እነዚህ ሰዎች በ50 ዓመታቸው በግንኙነቶቻቸው ምን ያህል ረክተው እንደነበር ማወቅ፣ በ80 ዓመታቸው ጤናቸው ምን እንደሚመስል ለመተንበይ ከኮሌስትሮል መጠናቸው የተሻለ ፍንጭ ሰጥቷል። ዋልዲንገር ከማርክ ሹልዝ ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ሌላ ጥናት፣ በሰማንያዎቹ ዕድሜ ያሉ ጥንዶች የአካል ሕመማቸው በበረታባቸው ቀናት፣ በትዳራቸው የረኩት ደስታቸው ብዙም ሲቀንስ አልታየም፤ ያልረኩት ግን በሕመማቸው ላይ የመንፈስ ጭንቀት ተደረበባቸው።

በዚያው ዓመት ጁሊያን ሆልት-ሉንስታድ እና ባልደረቦቻቸው 308,849 ሰዎችን ያካተቱ 148 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው፣ ጠንካራ ማኅበራዊ ትስስር ያላቸው ሰዎች በጥናቶቹ ዘመን በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ ከፍ ያለ መሆኑን አሳዩ። እርግጥ ነው፣ እንዲህ ያሉ ጥናቶች አብሮ መሄድን እንጂ ምክንያትና ውጤትን በቀጥታ አያረጋግጡም፤ ጤነኛ ሰው ወዳጅ ማፍራትም ይቀለዋልና። ስለዚህ ወደ ቤተ ሙከራ የገቡትን እንመልከት።

ጄምስ ኮን እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ 16 ባለ ትዳር ሴቶች በኤምአርአይ መሣሪያ ውስጥ ተኝተው የኤሌክትሪክ ንዝረት ሊደርስባቸው እንደሚችል ተነገራቸው። የባላቸውን እጅ ሲይዙ፣ አደጋን ሲጠብቅ የሚነቃው የአንጎላቸው ክፍል ረገብ አለ። ልብ በሉ፤ ትዳራቸው መልካም በሆነ መጠን አንጎላቸውም ይበልጥ ረገበ። እጁ የባል መሆኑ ብቻ አልበቃም፤ እጁ ምን ዓይነት ትዳር እንደያዘም አንጎል ያውቃል።

በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ጃኒስ ኪኮልት-ግሌዘር እና ባልደረቦቻቸው 42 ባልና ሚስት በሆስፒታል የምርምር ክፍል አሳድረው፣ በክንዳቸው ላይ ትንንሽ ቁስል ፈጥረው፣ ሲነጋገሩ ተመለከቷቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ውጤት እንዲህ ይላል፦ ንግግራቸው ጥላቻ የበዛበት ጥንዶች ቁስላቸው የዳነበት ፍጥነት ጥላቻ ካነሰባቸው ጥንዶች 60 በመቶውን ብቻ ነበር። ሁሉም ባለ ትዳሮች ነበሩ። ሁሉም «ቆይተዋል»። ቁስሉ ግን የጋብቻ ወረቀታቸውን አይቶ አልዳነም።

ከዚህ የምወስደው ድምዳሜ ግልጽ ነው። ጤናን የሚጠብቀው መቆየት ብቻውን አይደለም፤ የሚቆዩበት ምክንያትና የሚቆዩበት አኳኋን ነው። በይሉኝታ ብቻ የቆመ ቤት ከውጭ ሲያዩት ቤት ነው፤ ከውስጥ ግን ነዋሪውን የሚያሳምም ሊሆን ይችላል።

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» ለሚሉ

ይህን ስጽፍ አንድ ተቃውሞ ይሰማኛል። «እናንተ እንዲህ እያላችሁ ነው ትዳር እንደ ካልሲ የሚቀየረው። ይሉኝታ ባይኖር ኖሮ የስንቱ ቤት በፈረሰ!» የሚል ነው። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ እኔም በግማሹ እስማማለሁ። የውጭ ማሰሪያ ሁሉ ክፉ አይደለም። የትኛውም ትዳር ክፉ ቀን አለው፤ በዚያ ቀን ሰውን ከደጃፍ የሚመልሰው የልጁ ፊት ወይም የአስታራቂው ስልክ ሊሆን ይችላል። በማግሥቱ ፍቅሩ ሲመለስ ለዚያ ማሰሪያ ያመሰግናል። ለግንብ መወጣጫ እንጨት እንደሚያስፈልግ ሁሉ ለትዳርም ደጋፊ ያስፈልገዋል። ችግሩ የሚመጣው ግንቡ ጠፍቶ እንጨቱ ብቻ ሲቀርና እኛም እንጨቱን ቤት ብለን ስንመርቀው ነው።

ደግሞም ፈቃድ የሚለው ሐሳብ የባዕድ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎች ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንደሚመሠረት ይደነግጋል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ ያጸናል። ሕጉ ፈቃዳችንን የሚጠይቀን ግን አንድ ቀን፣ በፊርማው ዕለት ነው። ሥነ ልቦና የሚለን ከዚያ በኋላም ፈቃድ በየዕለቱ እንደሚታደስ ነው።

ቁርጠኝነት የሚያላላ ሳይሆን የሚያጠነክር መሆኑንም ሳይንሱ ራሱ ይመሰክራል። ዴኒስ ጆንሰን እና ረስበልት እ.ኤ.አ. በ1989 እንዳሳዩት፣ በእውነት የቆረጡ ሰዎች ሌላ ማራኪ ሰው ሲቀርብላቸው ማራኪነቱን ዝቅ አድርገው ይገምታሉ። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረታችን የነገረን ነገር ከዚህ ብዙም አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው የረስበልትና የባልደረቦቻቸው ሥራ ደግሞ የቆረጡ ሰዎች የትዳር አጋራቸው ክፉ ሲናገር ክፉን በክፉ ከመመለስ እንደሚቆጠቡ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1998 አግኒው እና ባልደረቦቻቸው ያገኙት ደግሞ ደስ ይላል፦ የቆረጡ ሰዎች ስለ ግንኙነታቸው ሲናገሩ ከ«እኔ» ይልቅ «እኛ» ማለት ያበዛሉ። «ቤቴ» እና «ቤታችን» በሚሉት መካከል ያለውን ርቀት አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ያውቀዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ልጨምር። ክፉን በክፉ አለመመለስ የሁለት ወገን ሲሆን ትዳርን ያድናል፤ የአንድ ወገን ብቻ ሲሆን ሌላኛውን ያበረታታል። ዱላ ባለበት ቤት ደግሞ ነገሩ የቁርጠኝነት ጉዳይ መሆኑ ያበቃል፤ የደኅንነት ጉዳይ ይሆናል። በዚያ ቤት ሽማግሌ ሊያደርገው የሚገባው የመጀመሪያ ነገር «ቻይው» ማለት ሳይሆን ደኅና መጠጊያ መፈለግ ነው።

በልብ ውስጥ የሚቀመጥ ሽማግሌ

ታዲያ ምን እናድርግ? ከሳይንሱ አንድ ትንሽ ነገር፣ ከባህላችን ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር ልዋስ።

ኢላይ ፊንክል እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት 120 ባልና ሚስትን ለሁለት ዓመት ተከታተሉ። በመጀመሪያው ዓመት የሁሉም የትዳር እርካታ በጥቂቱ ቀነሰ። በሁለተኛው ዓመት ለግማሾቹ አንድ የጽሑፍ ሥራ ተሰጣቸው። በቅርቡ የተጣሉበትን ጉዳይ፣ ለሁለቱም መልካም የሚመኝ አንድ ሦስተኛ ሰው ቢያየው ምን ይል እንደነበር አስበው እንዲጽፉ ነው። በዓመት ሦስት ጊዜ፣ እያንዳንዱ ሰባት ደቂቃ፤ በጠቅላላው 21 ደቂቃ። ያልጻፉት እርካታቸው መቀነሱን ሲቀጥል፣ የጻፉት ቁልቁል መውረዱ ቆመላቸው።

ይህን ሳነብ ፈገግ አልሁ። ለሁለቱም መልካም የሚመኝ፣ ለማንም የማያደላ ሦስተኛ ሰው ማለት እኮ ሽማግሌ ነው! ተመራማሪዎቹ ያደረጉት በእያንዳንዱ ባልና በእያንዳንዷ ሚስት ልብ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ማስቀመጥ ነበር። እኛ ይህ ወግ ከጥንት ጀምሮ አለን። የጎደለን ሽማግሌው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። «እንዴት ቻልሽው?» የሚለው ጥያቄ መልሱን አስቀድሞ ይሰጣል፤ መቻልን እንጂ መፈለግን አይጠይቅም።

ስለዚህ በውጭ አገር ባሉ ማኅበረሰቦቻችን ለሽምግልና የሚቀመጡ አባቶችና እናቶች ሁለት ጥያቄ እንዲጨምሩ እለምናለሁ። አንደኛው፦ «የሚያወራ ሰው ባይኖር፣ ቤቱም ባይኖር፣ ከዚህ ሰው ጋር መኖር ትፈልጊያለሽ ወይ?» ሁለተኛው ያው ጥያቄ ለባልየው ነው። «አዎ» የሚል መልስ ከሁለቱም ከተገኘ፣ ጭላንጭልም ቢሆን፣ የሚታረቅ ነገር አለና ዕርቁ ከዚያ ይጀምር። «አላውቅም» ከተባለም መልካም ነው፤ ጊዜና የባለሙያ ምክር ይፈልጋል ማለት ነው። «አይ» ከተባለ ግን ቢያንስ እውነቱን ይዘን እንነጋገራለን። ያላገቡ ልጆቻችንም ሳይንሸራተቱ በፊት፣ ኪራዩም መኪናውም ከመጣመሩ በፊት፣ ይህንኑ ጥያቄ ራሳቸውን ይጠይቁ።

ያችን ሴት አሁንም አስባታለሁ። በዚያ ቀን ክፍሉ ውስጥ አምስት ሽማግሌዎች ነበርን፤ አንዳችንም ባሏን ትወደው እንደሆነ አልጠየቅናትም። ባሏንም ስለ እርሷ አልጠየቅነውም። ሁለቱም ምናልባት «አዎ» ሊሉ ይችሉ ነበር። ያንን «አዎ» እርስ በርሳቸው ሳይሰሙት እንዲሄዱ አደረግናቸው። ለእኔ ከዚያ ሽምግልና የቀረው ቁጭት ይህ ነው፤ በሌላ ቤት እንዳይደገም ስል ነው የጻፍሁት።